በሊማሊሞ ዳገት የወጣ ጥበብ

ከምጥዋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ የጥንት ነጋዴ ዐድዋን አልፎ፥ ተከዜን ተሻግሮ፥ በዛሪማ ቈላ በኩል ሲመጣ ከፊቱ እንደ ግድግዳ የቆመ ገደል ያገኝ ነበር፤ እርሱም ሊማሊሞ ነው። ጭነት የያዘ በቅሎ በቀጭኑ መንገድ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ የደከመ እንስሳ ወድቆ ሲቀርም ነጋዴው ጭነቱን በሰው ጫንቃ ያስወጣ ነበር። ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ብርዱ ይቀበለዋል፤ ሜዳውም ይከፈትለታል፤ በደባርቅና በዳባት አድርጎ የወገራን የገብስ አገር እያየ ወደ ነገሥታቱ ከተማ ይደርሳል። ከሱዳን በኩል በመተማ ከሚገባው በቀር፥ ከባሕር ማዶ ወደ ጎንደር የመጣው ነገር አብዛኛው፥ ጨርቁም መስተዋቱም ጠመንጃውም የታተመውም መጽሐፍ፥ በዚህ ዳገት ወጥቶ ነው የገባው። ስለዚህ አዲስ ጥበብ በአገራችን እንዴት እንደ ገባ፥ ገብቶም ማንን እንዳነሣና ማንን እንደ ጣለ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የሰሜንን አገር ታሪክ ቢመረምር ድካሙ በከንቱ አይቀርም።

ነፍጥ ከሰሜን ተራራ ጋራ የተዋወቀው በቅርብ ዘመን አይደለም። በ1535 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐፄ ገላውዴዎስ ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ሞት የተረፉትን ፖርቱጋሎች የተገናኙት በዚሁ በሰሜን አምባ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ የሆነው ካስታኞዞ የዘመቻውን ታሪክ ጽፎ ትቶልናል። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ግራኝ አሕመድ በወይና ደጋ በጥይት ተመቶ ሞተ። ሆኖም ያ ጠመንጃ ከባለቤቶቹ ጋራ መጣ፥ ከባለቤቶቹም ጋራ አረጀ። ከዚያ ወዲያ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በየካቲት 1762 ዓ.ም.፥ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ የኮከብ መመልከቻ መሣሪያውን አሸክሞ ሊማሊሞን ሲወጣ በዳገቱ ላይ የቀረጥ ኬላ አገኘ። ነገሩ ያስገርማል፤ እንግዳው የሰማይን ልክ ለመስፈር የመጣ ሲሆን የኬላው ሹም ግን የሚጠይቀው ስለ ጭነቱ ነበር። ነገር ግን ሹሙን ማን ይወቅሰዋል? በዚያን ዘመን የሰሜን ገዢ ኀይል ከእርሻው ይልቅ በዚህ በር ላይ የቆመ ነበርና። ከአርሆ በረሓ የመጣ አሞሌ ጨው፥ ከውስጥ አገር የሚወጣው ዝባድና የዝሆን ጥርስ፥ ከምጥዋ የሚገባው ጨርቅ፥ ሁሉም ለበሩ ባለቤት ይገብር ነበር።

ይህን በር ከሁሉ ይልቅ የተጠቀሙበት ደጃዝማች ውቤ ኀይለ ማርያም ናቸው። የሰሜኑ የራስ ገብሬ የልጅ ልጅ ሲሆኑ አባታቸውን ደጃዝማች ኀይለ ማርያምን ተክተው ሰሜንን ያዙ። በየካቲት 1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ሰባጋድስ ድል ሆነው ተገደሉ፤ ራስ ማርዬም በዚያው ውጊያ ሞቱ፤ ትርፉ ለውቤ ሆነ። ሰሜንና ትግሬ በአንድ ሰው እጅ ሲገቡ፥ ዳገቱም ቈላውም እስከ ባሕሩ አፋፍ ያለው መንገድ የአንድ ጌታ ሆነ ማለት ነው። ደጃዝማች ውቤም የበሩን ቀረጥ ወደ ጠመንጃ ለወጡት። የወሎና የየጁ መኳንንት በፈረሰኛ ብዛት ሲመኩ እርሳቸው ነፍጠኛ ያበዙ ነበር። ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊፕ መልእክተኛ ላኩ፤ የኤውሮፓ ሰው ወደ ግዛታቸው ሲመጣም ከሁሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ከእጁ ያለውን ሥራ ነበር።

የጠመንጃ ብዛት ብቻውን ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ግን በየካቲት 1834 ዓ.ም. ታየ። ደጃዝማች ውቤ ከግብጽ ያስመጧቸውን አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ይዘው፥ ራስ ዓሊን ከደብረ ታቦር ለመንቀል ዘመቱ። ነፍጠኛው ተኰሰ፤ የየጁ ፈረሰኛ ተበተነ፤ ራስ ዓሊም ከሜዳው ሸሹ። ድሉ ሙሉ ሆነ ተብሎ በውቤ ሰፈር ግብር ተጣለ፤ ጠጅ ተቀዳ። የራስ ዓሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ግን ከጦርነቱ ዘግይቶ ደርሶ ኖሮ፥ ከአሸናፊዎቹ ድንኳን ገብቶ ደጃዝማች ውቤን ከድግሳቸው ላይ ማረካቸው፤ ጳጳሱም ዐብረው ተያዙ። ከምጥዋ እስከ ሊማሊሞ በስንት ድካም የወጣው ያ ሁሉ ባሩድ አንድ ንቁ ዘበኛ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ሳይሠራ ቀረ። ደጃዝማች ውቤ ቤዛ ከፍለው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጠመንጃም ማስመጣታቸውን አልተዉም።

ሊቃውንቱን ይበልጥ የሚመለከተው ግን የጠመንጃው ነገር ሳይሆን የሐሳቡ ነገር ነው። አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኵሴ በካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መልሶ ነበርና፥ አራቱ ወንጌላት በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1824፥ መላው መጽሐፍ ደግሞ በ1840 በእንግሊዝ አገር ታተመ። ሳሙኤል ጎባት የተባለው የስዊስ ሰው ይህን ወንጌል ይዞ በ1822 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከእርሱም በኋላ ኢዘንበርግና ጓደኞቹ በዐድዋ ተቀመጡ። እጅ ጽሑፍ ብቻ ለሚያውቅ ካህን፥ አንድ ጸሓፊ ብራና ፍቆ ቀለም በጥብጦ ስንት ወር የሚደክምበትን መጽሐፍ በመቶ የሚቈጠር፥ አንዱ ከሌላው በአንዲት ፊደል የማይለይ ሆኖ ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሰዎቹ መጽሐፍ ብቻ አልያዙም፤ የእመቤታችንን ክብርና የቅዱሳንን ምልጃ፥ ጾሙንም የሚነቅፍ ትምህርት ይዘው ነበር። ካህናቱ ጮኹ፤ ደጃዝማች ውቤም በመጋቢት 1830 ዓ.ም. ኢዘንበርግን፥ ብሉምሃርትንና ክራፕፍን ከአገር አስወጡአቸው።

በዚህ ፍርድ ካህናቱን የሚነቅፍ የዘመናችን ጸሓፊ አይጠፋም፤ ነቀፋው ግን ሚዛን የለውም። ቤተ ክርስቲያን ትምህርቷን ለመጠበቅ መብትም ግዳጅም አላት። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ትምህርቱን የተቃወሙት ሊቃውንት ማተሚያውን ለራሳቸው ትምህርት ለመጠቀም አለማሰባቸው ነው። ኢዘንበርግ ከዚህ ከተሰደደ በኋላ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው በለንደን አሳተመ፤ ማለት የአማርኛን ቃል ለዓለም የቈጠረውና የሰፈረው፥ አማርኛን ከዐድዋ የተማረ ጀርመናዊ ሆነ። የቅኔው ቤት ደግሞ ዘርፉንና ባለቤቱን፥ አገባቡንና እርባ ቅምሩን በቃል እያወረደ፥ ለኤውሮፓ የሰዋስው መጽሐፍ የማያንስ ዕውቀት በደቀ መዛሙርት ራስ ውስጥ ብቻ ተሸክሞ ይዞር ነበር። አንድ መምህር በፈንጣጣ ሲሞት አንድ ቤተ መጻሕፍት ዐብሮ ይቀበራል። ማተሚያ በኢትዮጵያውያን እጅ ሆኖ የቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት በብዛት ሲያወጣ የታየው ከስንት ዘመን በኋላ፥ በ1914 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ ብርሃንና ሰላምን ካቋቋሙ ወዲህ ነው።

ደጃዝማች ውቤ ግን ሰባኪውን ሲሰዱ ሠራተኛውን አላሳደዱም። ከኢዘንበርግ ጋራ በአንድ ዘመን በዐድዋ የነበረ ቪልሄልም ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነበር፤ በ1829 ዓ.ም. የመጣው ዕፅ ሊሰበስብ ነው። የሰሜንን ተራራ ከቈላ እስከ ውርጭ እየዞረ ቅጠሉን፥ አበባውን፥ ሥሩን በወረቀት መካከል እያደረቀ ወደ ኤውሮፓ ላከ። በዚህም ምክንያት እጅግ ብዙ ያገራችን ዕፀዋት ዛሬ በሊቃውንተ ዕፅ መዝገብ ውስጥ በእርሱ ስም ይጠራሉ። ለሰሜን እረኛ ይህ ሥራ እንቈቅልሽ ሆኖበት እንደ ነበረ ማሰብ አያዳግትም፤ ሣር ለከብት ካልሆነ፥ ሥርም ለመድኀኒት ካልሆነ ለምን ይለቀማል? ይህ ሰው ወደ አገሩ አልተመለሰም። ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ደጃዝማች ውቤም የእንትጮን አውራጃ ሾሙት። በዚያው ዘመን ፌሬና ጋሊንዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኰንኖች የትግሬንና የሰሜንን አገር እየለኩ ካርታ አነሡ፤ የተራሮቹንም ቁመት ሰፈሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ኤድዋርድ ዛንደር የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ መጥቶ ከደጃዝማቹ ዘንድ ተጠጋ።

የእነዚህ ሰዎች እጅ ከአገሩ እጅ ጋራ የተገናኘበት ሥራ ደረስጌ ማርያም ናት። ቦታዋ ከደባርቅ ወዲያ በጃን አሞራ ነው። ደጃዝማች ውቤ በመጨረሻው ዘመናቸው ይህችን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ሺምፐርን የሥራው መሪ አደረጉት። ሰሎሞን ቤተ መቅደሱን ሲያንጽ ጥበበኛውን ከጢሮስ አገር ከንጉሡ ከኪራም እንዳስመጣ የሚያስታውስ ካህን በዚህ የሚገረምበት ነገር የለውም፤ የባዕድ እጅ የሠራው ቤት በውስጡ የሚቀርበው መሥዋዕት ባዕድ አይሆንም። የመቅደሱን ግድግዳ የሞላው ሥዕል ግን የጎንደርን ሥርዐት የተከተለ ነው። ይህ ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቤቱን እንግዳ ሰው መራው፤ መልኩን ግን ያገር ልጅ ሰጠው። አዲስ ነገር ሲገባ ከአሮጌው ጋራ እንዲህ ተስማምቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ደጃዝማች ውቤም ከሠሩት ሥራ ሁሉ እስከ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ ይህ ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የተሠራችው ደጃዝማች ውቤ ሊነግሡባት ነበር ይባላል። ነገሩ የማይመስል አይደለም፤ ጳጳሱን ከእስክንድርያ ያስመጡ እርሳቸው ናቸው፤ ግዛታቸው ሰፊ፥ ግምጃ ቤታቸውም ሙሉ ነበር።

ከወደ ቋራ ግን ሌላ ሰው ተነሣ። ደጃዝማች ካሳ ኀይሉ ጠመንጃን የተማሩት በገበያ ሳይሆን በሽንፈት ነው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ከመተማ ወዲያ በደባርቂ ከግብጾች ጋራ ሲዋጉ፥ ምሽግ ይዞ በመድፍ የሚተኵሰው የሠለጠነ ወታደር ጭፍራቸውን ፈጀባቸው። (ደባርቂን ከሰሜኑ ደባርቅ ጋራ የሚያምታቱ ጸሓፊዎች አሉ፤ አንደኛው በሱዳን ቈላ፥ ሁለተኛው በሰሜን ደጋ ነው፤ ስማቸው በአንዲት ፊደል ቢቀራረብም የቅኔ ምስጢር ካልተፈለገ በቀር ምንም አያገናኛቸውም።) ከዚያ ወዲህ ካሳ የጦሩን ሥርዐት ማሰብ ያዙ። ጎሹ ዘውዴን፥ ራስ ዓሊን፥ ብሩ ጎሹን ተራ በተራ ድል ነሡ፤ በ1846 ዓ.ም. በዐምባ ጫራ ጉባኤ የተዋሕዶ ሃይማኖት ይጸና ዘንድ ከአቡነ ሰላማ ጋራ ተስማሙ፤ ጳጳሱም ከውቤ ወደ ካሳ ዞሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሳ ከወገራ በኩል በፍጥነት ገሥግሠው ሰሜን ገቡ፤ በደረስጌ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ደጃዝማች ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። በብዙ ሺህ የሚቈጠረው ጠመንጃና በአምባ የተሰበሰበው ሀብት ሁሉ ለባለ ድሉ ሆነ። ከጥቂት ቀን በኋላ አቡነ ሰላማ ካሳን ዐፄ ቴዎድሮስ ብለው ቀቡአቸው፤ የተቀቡትም በዚያችው ውቤ ባሠሩአት በደረስጌ ማርያም ነው። ጳጳሱን ያስመጣ ሌላ፥ ቤቱን ያነጸ ሌላ፥ መሣሪያውን የሰበሰበ ሌላ፤ የነገሠው ግን ሌላ ሆነ።

በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት የት ነው? ደጃዝማች ውቤ ጥበብን እንደ ዕቃ አዩት፤ ዕቃ ይገዛል፥ ይከማቻል፥ ይቈለፍበታል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ዕቃው ሳይሆን የዕቃው ሠሪ እንደሚያስፈልግ ዐወቁ። ስለዚህ የወንጌል መልእክተኞች ሆነው የመጡትን የኤውሮፓ ሠራተኞች በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው፥ ያገር ልጆችን ጨምረው፥ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዙ። በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ ሞርታር ተሠራ፤ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ነው። ይህን ብረት ወደ መቅደላ ለማድረስ መንገድ መቈረጥ ነበረበትና፥ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፥ ጭፍራው እየጐተተ፥ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሺምፐርና ዛንደርም በመጨረሻው ጊዜ ከመቅደላ ሰዎች መካከል ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ሲመጡ፥ በእሮጌ በተደረገው ውጊያ ከትልልቁ መድፍ አንዱ ሲተኰስ ፈነዳ፤ ሴባስቶፖልም ሳይጮኽ ቀረ፤ እስከ ዛሬ በመቅደላ ላይ ተቀምጦ አለ።

ጋፋት የወደቀችው በእንግሊዝ ጦር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሠራተኛውን በሰንሰለት አስሮ ጥበብ ማስተማር እንደማይሆን የታወቀ ነው፤ ከዚህ ሌላ ግን ከንጉሡ በፊት የነበረ፥ ከንጉሡም በኋላ የቀረ፥ ሕዝቡ ሁሉ የተካፈለው በደል አለ። ሺምፐር ሳይመጣ ጋፋትም ሳትታሰብ በወገራና በሰሜን ብረት ያቀልጡ የነበሩ፥ ማረሻና ማጭድ፥ የጦር ጫፍም የሚሠሩ፥ የሸክላ ድስቱን የሚያቃጥሉ፥ የጎንደርን ግንብ በሚሠራው ግንበኛ መካከልም የነበሩ ሰዎች ነበሩ፤ እነርሱም ቤተ እስራኤል ናቸው። ገበሬው በእነርሱ ማረሻ አርሶ፥ በእነርሱ ድስት በልቶ፥ ማታ ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበር። በመጀመሪያው የሳሙኤል መጽሐፍ ፍልስጥኤማውያን በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ እንዳይገኝ እንዳደረጉ፥ ሕዝቡም ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላት አገር እንደ ወረደ ተጽፎአል። በእኛ አገር ግን ፍልስጥኤም አላስፈለገችም፤ ብረት ሠሪውን ራሳችን በስድብ አጠፋነው። የእግዚአብሔር መንፈስ በጥበብ የሞላውን ባስልኤልን በየዓመቱ የሚያነብ ካህን፥ ከደጁ ወናፍ የሚነፋውን ሰው ስለ ምን እንደ ናቀ መልሱን ከመጽሐፍ ሊያመጣ አይችልም፤ የለምና። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሁሉ እንደሚቀጣ በዐዋጅ አስነገሩ። ዐዋጁ የወጣው ግን ዕደ ጥበበኛው የልጁን እጅ ከወናፍ ማራቅ ከጀመረ በኋላ ነበር።

ደጃዝማች ውቤ ከደረስጌ በኋላ ወደ ሥልጣናቸው አልተመለሱም። ልጃቸው ጥሩ ወርቅ የድል አድራጊው ሚስት ሆነች፤ ከእርሷም ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ፤ እርሱም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1879 በእንግሊዝ አገር በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። ዛንደር ከመቅደላ በወጣበት ዓመት ዐረፈ። ሺምፐር ግን ከመቅደላ ተርፎ ወደ ትግሬ ተመልሶ ዕፁን ሲለቅም ኖረ፤ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1878 በዐድዋ ሞተ። እንግዳ ከተባሉት ሁሉ ዕድሜውን ሙሉ ያገሩን መሬት ዝቅ ብሎ የተመለከተ እርሱ ነበር።

የሊማሊሞ ነገር ግን በዚህ አላለቀም። በታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ተከዜን የተሻገረው የልዑል ራስ እምሩ ጦር በደንበጓና በር የጣልያንን ታንክ አገኘ። ታንኩ ከወዲያ ወዲህ በማይዞርበት ጠባብ ቦታ ስለ ገባ፥ ወታደሩ ከላዩ ላይ እየወጣ፥ በውስጡ ያሉትን ሰዎች እያወጣ በሰይፍ ጣላቸው። በደብረ ታቦር የውቤ ነፍጥ ያልቻለውን ነገር በደንበጓና ሰይፍ ቻለው፤ ልዩነቱ በብረቱ ሳይሆን በቦታው ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ፤ በመጋቢት 23 ቀን በመኪና የተጫነ ጦር ጎንደር ገባ።

ጣልያን አገሩን በያዘበት ጊዜ ከአስመራ እስከ ጎንደር የሚደርስ የመኪና መንገድ ሠራ። የብሩስ በቅሎ የወጣበትን ገደል በድማሚት እየሰበረ፥ በሰው ጉልበት እየደለደለ፥ መንገዱን እንደ እባብ አጠማዝዞ ከሊማሊሞ ራስ ላይ አደረሰው። ለመግዛት የተሠራ ሥራ መሆኑን ማንም አይስተውም። ነገር ግን ያው መንገድ ወጥመድ ሆነበት፤ በ1933 ዓ.ም. በሌላው አገር ሁሉ ድል ከሆነ በኋላ፥ በደባርቅ አጠገብ በወልቀፊት የመሸገው የጣልያን ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ፥ ስንቅ ተቋርጦበት ወራት ቈየ። እጁን የሰጠው በ1934 ዓ.ም. በመስቀል ሰሞን ነው፤ ጎንደርም በኅዳር 18 ቀን ተከተለች።

መንገዱ ለአገሩ ሰው ቀረ። ነጋድራሱና የበቅሎው ደወል ጠፍተው መኪና በዳገቱ ወጣ፤ በደባርቅና በዳባት ዳር ለዳር ሱቅ ተሠራ። ደረስጌ ማርያም ግን ከመንገዱ ርቃ በጃን አሞራ ደጋ ላይ ቀርታለች፤ ሊሳለማት የሚሄድ ሰው ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ተራራው መታጠፍ አለበት።